ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ስለተመዘገበው ምስጋናዬ

ለተከበሩ የጤና መድን ተቋም የክፍያ ተመን ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም በመሥሪያ ቤትዎ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ለገጠር ሆስፒታሎች የሚከፈለውን ዋጋ የሚተምኑት ባለሙያዎች በሙሉ እንደምን ከረማችሁ? ጤናችሁ ምንጊዜም እንዳይጓደል ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይም በእኛ አካባቢ በምታልፉበት ጊዜ እንዳይጓደል አጥብቄ እጸልያለሁ፣ ከዚህ ወር መጨረሻ በኋላ የአንዳችሁንም ሆድ ከፍተን ልንደርስላችሁ አንችልምና። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከእናንተ ከተማ በደህናው ወቅት በመኪና አምስት ሰዓት፣ ወንዙ በሞላ ጊዜ ደግሞ ወንዙ እስኪፈቅድ ድረስ በሚያስኬድ መንገድ ዳር፣ ሠላሳ ሁለት አልጋ ባለው ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልኩ ማትሮን ነኝ። ማትሮን ማለት በእኛ ቤት የነርሶች፣ የአዋላጆች፣ የጽዳት ሠራተኞችና የአንሶላ አለቃ ማለት ነው። ነርሶቹ ከኋላዬ «እማማ ሸፍኚው» ይሉኛል፤ በሽተኛ ተራቁቶ፣ ባልዲ ተከፍቶ ወይም ግድግዳ ተልጦ ካየሁ «ሸፍኚው» ማለት ስለሚቀናኝ ነው። ይህን ቅጽል ስም እንዲያስታውሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ በአደባባይ ማድረጌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ሆስፒታላችን ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በምስጢር ጽፎልዎ ሦስት ጊዜ በምስጢር መልስ አግኝቷል፤ ሦስቱም መልሶች ከቀናቸውና ከአንድ ምክር በስተቀር አንድ ዓይነት ስለነበሩ፣ አራተኛውን ብዙ ሰው አብሮን ቢያነበው ለእርስዎም ድካም ይቀንስልዎታል ብዬ ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። በዚህ ወር በሠላሳኛው ቀን የቀዶ ጥገና ክፍላችን ይዘጋል። አልተቃጠለም፣ አልፈረሰም፣ ሐኪሙም ጥሎን አልሄደም። አንዲት እናት በቀዶ ጥገና ስትወልድ መድኑ ለከተማ ሆስፒታል መቶ ቢከፍል ለእኛ አርባ ይከፍላል፤ እኛ ደግሞ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ዘጠና እናወጣለን። ከመድኑ አባል ላይ ተጨማሪ መቀበል ክልክል ነው፣ መከልከሉም ትክክል ነው፤ የላትማ። ስለዚህ አንዲት እናት ባዳንን ቁጥር እንከስራለን፣ በወር አሥራ አምስት ያህል እናቶችን ስለምናድን ደግሞ አሥራ አምስት ጊዜ እንከስራለን። ቦርዱ ይህን ኪሳራ መሸከም ቢያቅተው ለበሩ ጓጉንቸር ገዝቷል። ጓጉንቸሩን አይቼዋለሁ። በሆስፒታላችን ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ አዲሱ እሱ ነው።

ከዚህ ቀጥዬ የምጽፈው የግል ጉዳይ ስለሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። የበኩር ልጇን ከአራት ዓመት በፊት የወለደችው በዚሁ ክፍል በቀዶ ጥገና ነበር፤ ያን ጊዜ ማህፀኗ ከላይ ወደ ታች መከፈት ስለነበረበት ሁለተኛውን በምጥ ልትወልድ አትችልም፣ ምጥ ከጀመራት ጠባሳው ሊተረተር ይችላል። ሐኪማችን የቀዶ ጥገናዋን ቀን ቆርጦላታል። የተቆረጠላት ቀን ጓጉንቸሩ በበሩ ላይ ከተንጠለጠለ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ ስቀበል ኖሬ ለራሴ ልጅ በር አጣሁ፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አስፍሬዋለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፦ «የገጠር ተመን» ተብሎ የወጣልንን ዋጋ በተመለከተ፣ የገጠር ኑሮ ርካሽ ነው ብላችሁ ስላሰባችሁልን ከልብ እናመሰግናለን። እውነት ነው፣ እዚህ ንጹህ አየር በነጻ ነው። ማደንዘዣው ግን ይህን ዜና የሰማ አይመስልም፤ ከእናንተው ከተማ ተጭኖ ሲመጣ የመኪና ኪራይ ይጨመርበታል እንጂ ገጠር ገባሁ ብሎ ዋጋውን ሲቀንስ አላየሁትም። የስፌት ክሩም ያው ነው። የገጠር ሴት ሆድ በመጫኛ የሚሰፋ መስሏችሁ ከሆነ፣ ምንም እንኳ ሐሳቡ ወጪ ቆጣቢ ቢሆንም፣ እስካሁን አልሞከርነውም።

ሁለተኛ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህ አርባ የሚባል ቁጥር ከየት እንደመጣ ልናገር። አምና በዚህ ጊዜ የተቋምዎ የጥናት ቡድን ወደ እኛ እንደሚመጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ደብዳቤው «የሆስፒታሉን እውነተኛ ወጪና ጉድለት በአካል ተገኝቶ ለማጥናት» ይላል። ሁላችንም ቢሮ ተሰብስበን ሁለት ጊዜ አነበብነው፤ ሁላችንም ከዚያ ሁሉ ቃል የሰማነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንግዳ ይመጣል። እንግዳ የሚመጣበት ቤት ደግሞ ምን እንደሚደረግ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም ነበር። «ገመናችንን ለባዕድ አናሳይም» ያልኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት፣ ሁሉም ጭንቅላቱን በአዎንታ ነቀነቀ።

የራሳችን አንሶላዎች ከመታጠብ ብዛት ማዶ ለማዶ ያሳያሉ፣ ለአልጋዎቹም አይዳረሱም። ስለዚህ ሁለት ነርሶች ይዤ ወጥቼ ከየቤቱ አንድ አንድ ደህና አንሶላ ለመንኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሣጥኗን ከፍታ የሙሽርነቷን አንሶላ አወጣች፤ ዳር ዳሩ ላይ ሁለት ወፎች የተጠለፉበት፣ ከሠርጓ ወዲህ ያልተነጠፈ ነው። እኔ እንኳ አፍሬ «ይኼስ ይቅር» ብላት «ለእንግዳ ያልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?» ብላ ብብቴ ሥር ወተፈችልኝ። እንግዶቹ መጡ፣ አንሶላዎቹን በእጃቸው ዳሰሱ፣ ከየት እንደመጡም ጠየቁ፤ ዋሽቶ የማያውቀው የጽዳት ሠራተኛችን «ሕዝቡ ነው ያመጣው» አለ። በጥናቱ ላይም እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፦ «የአልጋ ልብስ፤ ጥራቱ ከፍተኛ፤ በማኅበረሰቡ የሚሸፈን፤ ለሆስፒታሉ ወጪ የሌለው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ በተመናችን ውስጥ ለአንሶላ የሚታሰብ ነገር የለም። የዳቦ ጋጋሪዋ አንሶላ አንደኛው ወፍ ላይ የአዮዲን ምልክት ይዞ ተመልሶላታል።

ሦስተኛ፦ ጄኔሬተራችን በዚያ ሰሞን ተበላሽቶ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ባለወፍጮው ይህን ሲሰማ የራሱን ሞተር ነቅሎ በጋሪ አስጭኖ አመጣልን፣ ሁለት ቀን ሙሉ በአካባቢው አንድ ፍሬ እህል ሳይፈጭ ቀረ፣ ሰውም አንድ ቃል አላጉረመረመም። ጥናቱ «ኃይል አቅርቦት፤ አስተማማኝ» ይላል። አምቡላንሳችን ደግሞ ጎማዎቹን ካጣ ሁለት ዓመት ሆኖት በጡብ ላይ ቆሞ ስለነበር፣ ለስምንት ሆነን ገፍተን ከእንጨት ማከማቻው ጀርባ ወሰድነውና ሸራ አለበስነው። ሾፌሩን የት እናድርገው ብለን ስንጨነቅ ቆይተን ለእንግዶቹ አትክልተኛ ነው አልናቸው፤ ሰውየውም ቃላችንን ላለማሳፈር ሁለቱን ቀን ሲቆፍርና ሲተክል ዋለ። የተከለው አበባ በጥናታችሁ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሙገሳ አግኝቷል። ስለ አምቡላንሱ ግን የተጻፈው «ሆስፒታሉ ተሽከርካሪ የለውም፣ ስለዚህ የነዳጅና የጥገና ወጪ አይታሰብለትም» የሚል ነው። ያልታየ መኪና ነዳጅ አይጠጣም፤ ይህን ማን ይከራከራል?

አራተኛ፦ ይህን ለጊዜው ልዝለለው። ሁለት ጊዜ ጀምሬው ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ፤ እመለስበታለሁ።

አምስተኛ፦ በደህናው ቀን ከሴቶች ክፍል አልጋዎቻችን ግማሾቹ ላይ ሁለት ሁለት ሰው ይተኛል። ይህን እንግዳ አይቶ እንዳይስቅብን፣ መሄድ የሚችሉትን በሽተኞች ለሁለት ቀን ወደየዘመዶቻቸው እንዲያርፉ አደረግን። ነርሶቼ ግን እንደ እኔው ናቸውና፣ በደንብ የተነጠፈ ባዶ አልጋ ሲያዩ ልባቸው ደስ እያለው ከሚገባው በላይ ሸኙ፤ እንግዶቹ ሲገቡ አሥራ አንድ አልጋ ባዶውን ተደርድሯል። በሽተኞቹ አንዳቸውም አልተቆጡም። አንድ ደረታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ከእህታቸው ልጅ ቤት ወለል ላይ ሁለት ቀን ሲያስሉ ከርመው ሲመለሱ የጠየቁኝ «እንግዶቹ ወደዱልን?» ብለው ነው። አዎን ወደዱልን፤ «ከአልጋዎቹ ሲሶው ያለ አገልግሎት የተቀመጠ በመሆኑ የበጀት ጭማሪ አያስፈልግም» ብለው ጻፉልን።

እንግዲህ ክቡርነትዎ እዚህ ላይ ሳቅ እንደሚመጣዎት ይሰማኛል፣ ይሳቁ፣ እኔም አንዳንድ ቀን እስቃለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ በሽተኛ ስገሥጽ የኖርኩ ሴት፣ አንድ ሆስፒታል ሙሉ በሽታ ሸራ አልብሼ ከእንጨት ማከማቻ ጀርባ አቆምኩ። ነገር ግን የእናንተ ሰዎች የተማሩ ናቸው። የተጠለፈ የሙሽራ አንሶላ ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገላት ሴት ተኝታ ሲያዩ፣ የሆስፒታሉ ሞተር ጎን ላይ ዱቄት ተጋግሮ ሲያዩ፣ አንድም ሰው «ይህ ነገር እንዴት ነው?» ሳይል መቅረቱ ግርም ይለኛል። ወይም ብሎ ይሆናል፤ አርባ የሚለው ቁጥር ግን ከዘጠና ይልቅ ለሁሉም የሚመች ቁጥር ነው።

ስድስተኛ፦ ተመኑ ከወጣ በኋላ እውነቱን አውጥተን ሦስት ጊዜ ስለጻፍንልዎ ደብዳቤዎች፣ ስለሰጡንም መልሶች። በመጀመሪያው አንሶላውን፣ በሁለተኛው ሞተሩንና አምቡላንሱን፣ በሦስተኛው አልጋዎቹን ተናዘዝን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ውሻውም መጮሁን አልተወም። መልስዎ ግን በሦስቱም ጊዜ «ተመኑ በአካል በተደረገ ምልከታና በኃላፊዎች በተሰጠ ማረጋገጫ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ የጥናቱን ገጽ አሥራ ሰባት ይመልከቱ» የሚል ሆነ። የመጨረሻው መልስ ምክርም ነበረው፤ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልጋቸውን እናቶች «በጊዜ ወደ ከተማ መላክ» ይቻላል ይላል። ምክሩ መልካም ነው። በጊዜ የሚላኩት ቀናቸው የሚታወቅላቸው ናቸው፤ ከአሥራ አምስቱ አሥራ ሁለቱ ግን እቤታቸው ምጥ ይዟቸው፣ ሕፃኑ በጎን ሆኖባቸው ወይም ደም እየፈሰሳቸው በሰው ሸክም የሚደርሱብን ናቸው። እነሱን ያ ያልታየው መኪናችን በዚያ ነዳጅ ባልታሰበለት ጉዞው ወንዙን ያሻግራቸው ይሆናል። ልጄን እንኳ ከተማ ቤት ተከራይቼ፣ የአራት ዓመት ልጇን አብሬ አሳድሬ፣ ያለኝን ሸጬ ላስቀምጣት እችል ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። ሐኪሙን ብጠይቀው «ገና ሳትሄዱ ወይም መንገድ ላይ መድማት ከጀመረችስ?» አለኝ። ደግሞስ እሷን ይዤ ብሄድ፣ ደጄ ላይ ለምትደርሰው ለሌላዋ እናት ልጅ ምን ብዬ ልሄድ ነው?

አሁን ወደ ዘለልኩት ወደ አራተኛው ልመለስ።

አራተኛ፦ ገጽ አሥራ ሰባትን በተመለከተ። የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ያ ገጽ ላይ ምን እንዳለ ያውቃሉ፤ ስለሚያከብሩኝ አንድም ቀን ፊቴ ላይ አላነሡትም። ሌላው ሰው አያውቅም። ልጄም አታውቅም፤ ከዚህ ጋዜጣ ላይ ታነበዋለች፣ ብዕሬን ሁለት ጊዜ ያስቀመጥኩትም ለዚህ ነው።

በጉብኝቱ በሁለተኛው ቀን፣ ሌሎቹ እንግዶች የአበባውን መደብ ፎቶ ሲያነሱ፣ ሰማያዊ መነጽር የምታደርገው ባለሙያ ብቻዋን ወደ አንሶላ ክፍሌ ገባች። ከልጄ ጋር እኩያ ትሆናለች። በሩን መለስ አደረገችው፣ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ዝቅ ባለ ድምፅ «እማማ፣ ሰዎቹ የሉም፤ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ምን ምን ይጎድላችኋል?» አለችኝ። ይህች ልጅ የመጣችው ለዚሁ ነበር። ዱቄቱን ሳታየው አልቀረችም፤ ወፎቹንም ሳታያቸው አልቀረችም። ከጀርባዋ ባለው መደርደሪያ ላይ የራሳችን የምንላቸው ዘጠኝ ሳስተው የተቀደዱ አንሶላዎች ተጠቅልለው በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ እጄን ዘርግቼ ብርድ ልብሱን ብገልጠው ይበቃ ነበር።

አልገለጥኩትም። እናቴ ጎረቤት እንዴት ዋልሽ ሲላት ባዶ ድስት ላይ ክዳን ደፍታ «ተመስገን» ስትል ነው ያሳደገችኝ፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰውን መለስኩላት። «ተመስገን ልጄ፣ ምንም አልጎደለብንም» አልኳት። እሷም ወዲያው አልጻፈችም። ቀና ብላ አየችኝና «ምንም?» አለች። «ምንም። እንዲያው እናንተን አደከምናችሁ እንጂ» አልኳት፣ ፈገግ ብዬም ሸኘኋት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ አፍ ያመለጠው በትልቅ ጨዋነት ነው። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «የሆስፒታሉ ማትሮን በግል በተደረገላት ቃለ መጠይቅ፣ ምንም የጎደለ ነገር እንደሌለ ደጋግማ አረጋግጣለች።»

ደጋግማ የሚለው ቃል ልክ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠይቄያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለምርመራ መጣች። ሐኪማችን፣ ሰዉ ቆሞ አደር የሚለው፣ ከእነ ጫማው እንቅልፍ የሚወስደው ምስኪን፣ የቀዶ ጥገና መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ዘይት እየቀባ በጨርቅ ሲጠቀልል አገኘነው፤ ዝገት እንዳይበላቸው ነው። ልጄ መሣሪያዎቹን አየች፣ ጓጉንቸሩንም አየች፤ አልጋው ላይ ወጥታ ሆዷን ገለጠችና «ዶክተር፣ በሩ ሳይቆለፍ አሁኑኑ አውጡልኝ» አለችው። ሰባተኛ ወሯን ገና አልጨረሰችም። «ሳንባው አልደረሰም እኮ፤ አውጥቼ በምን ላስተነፍሰው?» አላት፣ እሱም ፊቱን ወደ መሣሪያዎቹ አዞረ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺ ንገሪው እንጂ። አንቺ ስትነግሪያቸው ይሰማሉ» አለችኝ።

ይሰማሉ፣ ክቡር ሆይ። ልጄ ልክ ናት። እኔ አንድ ጊዜ ተናግሬ አንድ ተቋም ሙሉ ሰምቶኛል፣ ቃሌንም በገጽና በመስመር ይዞ እስካሁን አልለቀቀውም። የልጄን ልብስ ወደ ሆዷ መለስኩና ሸፈንኳት፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

ከዚህ በላይ ያለውን ምፀት ሁሉ ይርሱልኝና አሁን ያለ ምፀት እለምንዎታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቅጣቱም ለእኔ ይሁን። ከፈለጉ ከሥራ ያግዱኝ፣ ጡረታዬን ያስቀሩብኝ፣ ሐሰተኛ ቃል ሰጥታለች ብለው ይክሰሱኝ፤ ችሎት ፊት ቆሜ አዎን ዋሽቻለሁ ስል ቢያንስ እውነቱ በመዝገብ ይሰፍራል። የእኔን ዓረፍተ ነገር ግን ከገጽ አሥራ ሰባት ላይ ያንሡልኝና ተመኑን እንደገና ያስጠኑልን። ለማስጠናት ጊዜ ይፈጃል ካሉ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ብቻ ለከተማው ሆስፒታል የሚከፈለው ለእኛም ይከፈልና በሩ አይቆለፍ። ስድስት ሳምንት ይበቃኛል አልልም፤ ከልጄ ኋላም የሚመጡ አሉ። ስድስት ሳምንት ብቻ ነው የምሰጥሽ ቢሉኝ ግን እግርዎ ላይ ወድቄ እቀበላለሁ፣ ይህንንም ስጽፍ አላፍርም፤ እፍረቴን አምና ጨርሼዋለሁ።

ያችን ባለ ሰማያዊ መነጽር ልጅ መልሰው ይላኳት። እንግዳ ናት ብለን አንቀበላትም። አንሶላ አንለምንም፣ ባለወፍጮውም ሞተሩን አይነቅልም፣ ሾፌሩም ከአበባው መደብ ተነሥቶ ከአምቡላንሱ አጠገብ ይቆማል፤ ሸራውን ትናንት በገዛ እጄ አንሥቼዋለሁ። ዘጠኙን አንሶላ አጣጥፌ በር ላይ እጠብቃታለሁ። ምን ይጎድላችኋል ካለችኝ፣ ደብተሯ እስኪያልቅ እነግራታለሁ።

ውድ ጊዜዎን ሰጥተው ይህን ሁሉ በማንበብዎ፣ ካነበቡት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ። መንግሥት የሰጠዎት ወንበር እንዲመችዎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው መስኮትዎም ሩቅ እንዲያሳይዎ እየተመኘሁ፣

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ እንደተቀበለች የማታስታውስ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገሯን ግን የማትረሳ፣ የእርስዎ ታዛዥ፣
የሆስፒታሉ ማትሮን
(እማማ ሸፍኚው)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን ለማተሚያ ከመስጠቴ በፊት መልሼ ሳነበው፣ መግቢያው ላይ ከሰላምታዬ ቀጥሎ «እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን» ብዬ መጻፌን አየሁ። ሳላስበው ነው፤ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ተብለን ነው ያደግነው። ልሰርዘው ብዬ ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ፣ እንዴት እንዳመለጠኝ በዓይንዎ እንዲያዩት ብዬ ተውኩት። ነገር ግን የመሥሪያ ቤትዎን ጥንቃቄ ስለማውቅ፣ አንድ ባለሙያዎ ያችን መስመር አግኝቶ ለአራተኛው መልስ ማስረጃ እንዳያደርጋት ፈራሁ። ስለዚህ በጽሑፍ፣ በአደባባይና በፊርማዬ አስተካክላለሁ፦ ደህና አይደለንም። ይህንንም እንደ ያኛው ቃሌ አድርገው ይመዝግቡልኝ።